ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ? የጣርማበርን ቁልቁለት ጠይቁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአካባቢያችን ባለ አራት ጎማ መኪና ለመግዛት የሚነሳ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ «ለገጠር ከማንዋል ሌላ አይሞከርም» ይለዋል። ሌላው አዲስ አበባ ላይ አውቶማቲክ የለመደ ነውና ፍሪሲዮን መርገጥን የድሮ ሰው ሥራ አድርጎ ያወራለታል። ሁለቱም መንገዱን አይጠይቁም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ መኪና በአንድ ቀን ከመንዝ ውርጭ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሊያድር፣ ጠዋት የሞረትና ጅሩን መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ሲያቦካ ውሎ በማግሥቱ ጀማ ሸለቆ ሊወርድ ይችላል። ዳገትና ጭቃ ላይ አውቶማቲክ ይሻላል። ረጅም ቁልቁለት ላይና ከጋራዥ በራቀ ቦታ ማንዋል ይሻላል። ይህን የምለው በዘፈቀደ አይደለምና ምክንያቱን ላስረዳ።

ማንዋል ላይ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ሸራው ወይ ይዟል ወይ ለቋል፤ እያንሸራተተ መቆየት ያለበት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ላይ በሸራው ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር አለ። ሞተሩ በውስጡ ያለውን ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ካምቢዮውን ያዞራል። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ኮንቨርተሩ የሞተሩን ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ አሳድጎ ያስተላልፋል። ይህ ግን የሚሆነው ሞተሩ ጎማውን ሲገፋ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ጎማው ሞተሩን መግፋት ሲጀምር ኮንቨርተሩ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሁለቱ ወገኖቹ በቀጥታ ተያይዘው ካልተቆለፈ እንዲያውም ይንሸራተታል።

በቁጥር እንየው። አንደኛ ማርሹ 4፣ ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚያስነዳው ተጨማሪ ማርሽ፣ ፎር ሎውም ይባላል) 2.5፣ ዲፈረንሻሉም (ጎማዎቹ ጋ ያለው የመጨረሻ ጥርስ) 4 የሆነ ማንዋል መኪና በፎር ሎው አንደኛ ሲገባ 4 በ2.5 በ4 ተባዝቶ 40 ይመጣል። ሞተሩ 40 ጊዜ ሲዞር ጎማው የሚዞረው አንዴ ነው ማለት ነው። ነዳጅ ሳይነካ በደቂቃ 700 ጊዜ የሚዞር ሞተርና ዙሪያው 2.4 ሜትር የሆነ ጎማ ቢኖረው መኪናው በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እግረኛ ይቀድመዋል። የብዙ አውቶማቲኮች አንደኛ ማርሽ 3.5 አካባቢ ስለሆነ ስሌቱ 35 ላይ ይቆማል። ሽቅብ ሲሆን ኮንቨርተሩ ጉድለቱን ሞልቶ ያተርፋል። ቁልቁል ሲሆን ግን 35ቱም በሙሉ አይገኝም፤ መንሸራተቱ ይቀንስበታል።

አሁን ወደ መንዝ እንውጣ። መሐል ሜዳና ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከሩብ በላይ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የምናየው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ቱርቦ የለውም። ጭነቱን ይዞ ዳገት ወገብ ላይ ከቆመ በኋላ ሲነሳ ሾፌሩ ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን በግማሽ እግር ይዞ ይገፋል። ሽታው አፍንጫ ላይ ከደረሰ ሸራው መቃጠል ጀምሯል፣ ቮላኖውም (ሸራው የሚይዘው ከባዱ የሞተር ሰሃን) ይግላል። ይህ ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም የሸራው ፊት እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይንቀሳቀስም። መድኃኒቱ መኪናው ውስጥ አለ፦ ሳይነሱ ሎው ማስገባት። ብዙ ሾፌር ሎው የሚያስበው ጭቃ ሲያጋጥመው ብቻ ነው። ኮረኮንች ዳገት ላይ ሎው ሁለተኛ አስገብቶ መነሳት ፍሪሲዮኑን ዓመታት ያቆየዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይሞከርም። አብዛኞቹ መኪኖች ሎው ሲገቡ የፊትና የኋላ ጎማ አብሮ ስለሚታሰር መታጠፊያ ላይ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን) እና መስቀለኛዎቹ ይጨነቃሉ።

እዚያው ዳገት ላይ አውቶማቲክ ያለ ሽታና ያለ ጭንቀት ይነሳል። ሙቀቱ ግን አልጠፋም፤ ወደ ካምቢዮ ዘይቱ ሄዷል። ዘይቱ በ80 እና በ95 ዲግሪ መሀል ሲሠራ ጤነኛ ነው። 120ን አልፎ ሲቆይ በቶሎ ያረጃል፣ ይጠቁራል፣ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ማሸጊያዎች ያደርቃል። ዘይቱን ከሁሉ በላይ የሚያግለው በሃይ (ሎው ሳይገባ) ሆኖ በዳዴ ዳገት መግፋት ነው፤ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ረጅም ጊዜ ይንሸራተታልና። ስለዚህ የሎው ምክር ለአውቶማቲክም ይሠራል። ሎው ሲገባ ኮንቨርተሩ በቀላሉ ይዞራል፣ ሙቀቱም በረድ ይላል። አውቶማቲክ ለገጠር የገዛ ሰው ገንዘቡን በጣሪያ መብራትና በትልልቅ ጎማ ከመጨረሱ በፊት ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣና የሙቀት መለኪያ ቢያስገጥም ይሻለዋል። የመረሬ ጭቃ ራዲያተሩ ፊት ላይ ደርቆ ሲቀር ማቀዝቀዣው የይስሙላ ይሆናል፤ ውኃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እየተረጨ ይታጠብ።

ስለ ዘይቱ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም አውቶማቲክ «አይበረክትም» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። «ዕድሜ ልክ የማይቀየር» የሚባለው ዘይት ለእኛ መንገድ አይሠራም። ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። ከታች ቡሎኑ ተፈትቶ የሚወርደው ከ10 ሊትር ገደማ ውስጥ 3 ወይም 4 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ አፍስሶ መሙላት፣ ጥቂት ቀን መንዳት፣ ደግሞ ማፍሰስ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ። ዓይነቱ መኪናው የሚጠይቀው መሆን አለበት። የቆዩ ቶዮታዎች ዴክስሮን ሲጠይቁ አዲሶቹ ደብሊው ኤስ የተባለውን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ አይደባለቁም። ሌላው ችግር መለኪያ ዘንግ የሌላቸው ካምቢዮዎች ናቸው። የእነሱ ልክ የሚታየው መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ከታች ባለው የትርፍ ቀዳዳ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ወይም ዘይቱ ግሎ እያለ «ፈሰሰ፣ ሞልቷል» ብሎ የሚዘጋ መካኒክ ካምቢዮውን ጎዶሎ አድርጎ ይሸኛል። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ቀጥ ያለ ዳገት ሲመጣ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ማርሹ ይንሸራተታል፤ ያኔ «አውቶማቲክ ለአንኮበር አይሆንም» ይባላል።

ጭቃ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከእነዋሪ ወይም ከደነባ ወጣ ብሎ መረሬ ላይ የገባ መኪና የሚያልፈው ፍጥነቱን ሳያቋርጥ ነው። ማንዋል ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን በተረገጠበት ቅጽበት ጭቃው መኪናውን ይይዘዋል። ስለዚህ ማንዋል የሚነዳ ሰው ከመግባቱ በፊት ሎው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መርጦ እስኪወጣ አይነካውም። አውቶማቲክ ጉልበቱን ሳያቋርጥ ማርሹን ይቀያይራል፣ ጎማውንም ሳያስጓራ ቀስ ብሎ ይገፋል። የተቀረቀረውን መኪና ወደ ፊት ወደ ኋላ እያወዛወዙ ሲያወጡ ግን አውቶማቲክ ጥንቃቄ ይሻል። ጎማው ገና እየተሽከረከረ ከዲ (ወደ ፊት) ወደ አር (ወደ ኋላ) መወርወር የውስጥ ሸራዎችን ይበላል፤ ጎማው ቆሞ፣ ማርሹ መግባቱ ተሰምቶ ነው ነዳጅ የሚሰጠው። የጎማ ነፋስን ከ36 ወደ 22 ፒኤስአይ ማውረድ ለሁለቱም ዓይነት መኪና ከብዙ ብልሃት ይበልጣል፤ አስፋልት ላይ ሲደርሱ ግን ሳይረሱ መሙላት ነው።

ከባዱ ነገር ቁልቁለቱ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ከፈለፈሉት የጣርማበር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መኪና ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል። ከነጭነቱ 3 ቶን ቢመዝን፣ በዚያ መውረድ የሚለቀቀው ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ ናፍጣ ሲቃጠል የሚወጣውን ሙቀት ያህላል። ይህ ሙቀት በነፋሱ፣ በሞተሩ ወይም በፍሬኑ በኩል መውጣት አለበት። ሞተሩ ካልያዘው ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው የፍሬን ሸራውና ዘይቱ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 በቅደም ተከተል 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል፣ መኪናው አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ከሚወራው ቀላል የማይባለው ምንም ሳይበጠስ በዚህ መንገድ የደረሰ ነው። ሁለት ዓመት የሞላው የፍሬን ዘይት ይቀየር።

ማንዋል የያዘ ሰው እዚህ ላይ የሚጠበቅበት ሽቅብ በወጣበት ማርሽ መውረድ ብቻ ነው፤ አስፋልቱ ላይ ሦስተኛ፣ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ሁለተኛ። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ያነሰ እንደሚይዝም አይዘንጋ፣ ስለዚህ አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት አይጎዳም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ቁጠባም የለውም። የዘመኑ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያቃጥላል።

አውቶማቲክ የያዘ ሰው በዲ ብቻ ከወረደ ካምቢዮው ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ማርሽ ከፍ እያደረገ ይለቅበታል፣ እግሩም ፍሬን ላይ ተተክሎ ይቀራል። ዘንጉን ማርሽ በእጅ ወደሚመረጥበት ወደ ኤስ ወይም ወደ ኤም ስቦ 3 ወይም 2 ላይ መያዝ አለበት፤ በቆዩት መኪኖች 2 ወይም ኤል የሚል ጽሑፍ አለ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ እንደሚወስደው ባለ ድንጋይ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፎር ሎው ገብቶ 1 ላይ ማሰር፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረጉ ማገዝ ነው። አዳዲሶቹ ላይ ያለው የቁልቁለት መቆጣጠሪያ ቁልፍ አጭርና ቀጥ ላለ ቦታ ጥሩ ነው። የሚሠራው ግን በፍሬኑ ነውና ረጅም ቁልቁለት ላይ እሱን ተማምኖ መውረድ ያንኑ ፍሬን ማቃጠል ነው። ማንዋል ላይ በዚያው ቁልቁለት ሎው አንደኛ ገብቶ እግርን ከፍሪሲዮን ላይ አንስቶ መቀመጥ ይበቃል። ለእኔ የማንዋል ትልቁ ብልጫ ይህ ነው።

ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም ሽታ ከመጣ ዳር ይዞ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ማብረድ ነው። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ መድፋት ያጣምመዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ሲቆም ጎማ ሥር ድንጋይ ይግባ። አውቶማቲክ ከሆነ መጀመሪያ እጅ ፍሬን፣ ቀጥሎ ፒ (የማቆሚያው ቦታ) ነው፤ አለዚያ የመኪናው ክብደት በሙሉ ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት የብረት ጥርስ ላይ ይንጠለጠላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። የትራንስፈሩ ዘንግ ኤን (ዜሮ) ላይ ከሆነ ፒ ማስገባት መኪናውን አይዘውም፣ ማንዋሉንም አንደኛ ማርሽ አይዘውም፤ ጎማና ካምቢዮ ተለያይተዋልና።

ዳገት መሀል ላይ ሞተር የጠፋበት ማንዋል ፍሪሲዮን ተረግጦ ወደ ኋላ መልቀቅ የለበትም። ፍሬኑን ይዞ፣ ሎው የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ፣ ከዚያ ቁልፉን ማዞርና ፍሬኑን ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው። ሞተሪኖው መኪናውን እየገፋ ሞተሩ ይነሳል፣ በማርሽ ተይዞም ይወርዳል። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማይነሱ አዳዲስ መኪኖች ይህን አይፈቅዱም፤ እነሱን በእጅ ፍሬንና በድንጋይ ማገዝ ነው።

ወንዝ ሲሻገሩ ማንዋል ላይ ውኃ ውስጥ ፍሪሲዮን አይረገጥም፤ ሸራው ሲላቀቅ ውኃና አሸዋ መሀሉ ይገባል። አውቶማቲክ ደግሞ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ስለሚኮማተር በመተንፈሻ ቱቦው ውኃ ይስባል። ቱቦውን እስከ ኮፈኑ ሥር ማርዘም ርካሽ መከላከያ ነው። የካምቢዮው ዘይት ሮዝ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ መኪናው አንድ ኪሎ ሜትርም ሳይነዳ ይታጠብ። ወንዝ ሳይነካ እንዲያ ከሆነ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀድዷል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ባትሪ ሲደክም ማንዋል ተገፍቶ በሁለተኛ ማርሽ ይነሳል፤ አውቶማቲክ አይነሳም። ጨርሶ የሞተ ባትሪ ግን ማንዋሉንም አያድነውም። የናፍጣ ፖምፓውን የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ትንሽም ብትሆን ኃይል ይፈልጋል፣ በኮምፒውተር የሚሠራው ሞተር ደግሞ ከዚያም በላይ። ጥገናውም እንዲሁ ይለያያል። የፍሪሲዮን ሥራ በየወረዳው ከተማ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም፤ ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ሰሃንና ኩሽኔታው አብረው ይቀየራሉ፣ ቮላኖው ቶርኖ ይገባል። ኩሽኔታውን «ገና ነው» ብሎ መመለስ ካምቢዮውን በቅርቡ ድጋሚ ማውረድ ነው። የአውቶማቲክ የውስጥ ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ መኪናውን አስጭኖ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ መሄድ ነው።

«አውቶማቲክ የከተማ ነው» የሚለው አባባል ግን ጊዜው አልፎበታል። ቶዮታ ራሱ 70 ተብሎ በሚጠራው የላንድክሩዘር ዓይነት ላይ (ሃርድ ቶፑ የዚሁ ወገን ነው) ባለ 2.8 ሊትር ቱርቦ ሞተርና ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ እ.ኤ.አ. በ2023 አቅርቧል። በአውስትራሊያ ገበያ ይኸው ሞተር ከአውቶማቲክ ጋር 500፣ ከማንዋል ጋር 450 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት (ቶርክ) ነው የተሰጠው።

ስለዚህ መኪናው በአንድ ጠንቃቃ ሾፌር እጅ ሆኖ መንዝ፣ መርሐቤቴና አንኮበር የሚመላለስ ከሆነ ማንዋል ይግዛ። ብዙ ሰው እየተፈራረቀ የሚነዳው የመሥሪያ ቤት መኪና ከሆነ፣ ወይም ሥራው መረሬው ላይ ከሆነ፣ ዘይቱን በጊዜው የሚያስቀይር ኃላፊ እስካለ ድረስ አውቶማቲክ ያዋጣል፤ በየሰው እግር የሚቃጠል ፍሪሲዮን የለምና። ዘይት የሚያስቀይር ከሌለ ማንዋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አብዛኛው ገዢ የሚመርጠው አገር ውስጥ ካሉት ያገለገሉ መኪኖች ነውና ሲገዛ የሚፈትሽበትን ልጨምር። ማንዋሉን እጅ ፍሬን ይዞ፣ አራተኛ አስገብቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ወዲያው ካልጠፋ ሸራው አልቋል። ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ማርሹ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው ጥገና ይፈልጋል። አውቶማቲኩን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ፍሬን ይዞ ከኤን ወደ ዲ ማስገባት ነው። እስኪይዝ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ሲሆን ከ1.5 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የውስጥ ሸራው ወይም የዘይቱ ግፊት ደክሟል። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ዋጋ መቀነስ ላይ አይከራከሩ፤ ይተዉት። በሁለቱም ላይ ሎው መግባት አለመግባቱ ይሞከር፤ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ዘንጉ ዝጎ የተያዘ ብዙ አለ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የመረጠ ሰው ከማርሹ ጣጣ ነፃ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ብቻ ደብረ ብርሃን ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ወደ ጣርማበር አይነሳ። የሞላ ባትሪ የሚመጣለትን ኃይል መቀበያ ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ሸክሙም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሰማንያ በመቶ አካባቢ አቁሞ መውረድ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአውቶ መካኒክ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን